የሌለ አገር አምባሳደር

ባለፈው ማክሰኞ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አልቆ፣ የተማሪዎቼን ደብተር ክምር በብብቴ ይዤ ከክፍል ስወጣ፣ ሦስት ተማሪዎች በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ ይደበድበው ስለ ነበረ መጀመሪያ ያሉኝን አልሰማሁም። ከሦስቱ አንደኛይቱ ሞባይሏን ወደ ፊቴ አቀረበችና፣ «ባርሲሳ፣ ኤምባሲ እንድንዘጋ ታዘዝን፤ ምን ይሻለናል?» አለችኝ።

ይህን የምታነቡ የመሥሪያ ቤት ሰዎች «ኤምባሲንና ዲጋን ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ ስትስቁ ይታየኛል። ዲጋ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ወደ ዴዴሳ ወንዝ ሳይወርድ የሚያልፍባት፣ ቡናና በቆሎ የምታበቅል አገር ናት እንጂ የአምባሳደሮች ሰፈር አይደለችም። ልጆቹ ግን አልቀለዱም። የሚነግሩኝ በኢንተርኔት ስለሚጫወቱት የአገር ማስተዳደር ጨዋታ ነበር። እኔም በእነርሱ ዕድሜ ይህንኑ ጨዋታ ተጫውቼ፣ አገርም አጥቼበት ስለማውቅ፣ ልስቅባቸው አልቻልሁም። ደብተሮቹን አስቀምጬ አብሬያቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልግለጸው። ስሙ ኔሽንስቴትስ ይባላል። ማክስ ባሪ የሚባል አውስትራሊያዊ ደራሲ አዲስ ልብ ወለዱን ለማስተዋወቅ ብሎ ኅዳር 4 ቀን 1995 ዓ.ም. በኢንተርኔት ላይ አወጣው፤ ለማስታወቂያ የተሠራው ጨዋታም ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ዘለቀ። ተጫዋቹ አንድ አገር ይመሠርታል፤ ስም፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ መፈክርና ገንዘብ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደ አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጉዳይ ይቀርብለታል፤ ግብር ይጨመር ወይስ ይቀነስ? ጋዜጣ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? ውሳኔውም የሕዝቡን ነጻነትና የአገሩን ሀብት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። እስከዚህ ድረስ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ነው፤ ጦርነትም መድፍም የለበትም።

ነገሩ የሚከብደው አገሮቹ መሰባሰብ ሲጀምሩ ነው። የሚሰባሰቡበትን ስፍራ «ክልል» ብዬ ብተረጉመው ሌላ ወሬ ይጎትትብኛልና «ቀጠና» ልበለው። ቀጠናውን የፈጠረው አገር መሥራች ይባላል፤ እኔ በተጫወትሁበት ጊዜ በቀጠናው ውስጥ የማያዝዘው ነገር አልነበረም። ከቀጠናዎቹ ሁሉ በላይ ደግሞ የዓለም ጉባኤ የሚሉት አለ። ይህ ጉባኤ እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ የሚጠራው «የተባበሩት መንግሥታት» ተብሎ ነበር፤ እውነተኛው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት «በስሜ አትነግዱ» የሚል ደብዳቤ ቢጽፍ ስሙ ተለወጠ። አስቡት፤ በኒው ዮርክ ያለው ትልቁ ድርጅት የልጆች ጨዋታ አስግቶት ወረቀት አወጣ! አንድ ሰው መቶ አገር ሊያቋቁም ይችላል፤ ወደ ጉባኤው የሚያስገባው ግን አንዱን ብቻ ነው። በአንድ ቀጠና ያሉ የጉባኤው አባሎች እርስ በርሳቸው ድጋፍ ይሰጣጣሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ድጋፍ የበዛለትም የቀጠናው እንደራሴ ይሆናል።

የድጋፉ ሒሳብ የሚሠራው በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ታዲያ ወራሪዎች የሚባሉ ተጫዋቾች አሉ፤ ሒሳቡ ሊዘጋ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው በአንድነት ወደ ሰው ቀጠና ይገቡና ከመካከላቸው ለአንዱ ድጋፋቸውን ሁሉ ይሰጡታል። ሒሳቡ ሲዘጋ እንግዳው እንደራሴ ሆኖ ይነጋል። ሰንደቅ ዓላማውን ያወርዳል፣ ኤምባሲዎችን ይዘጋል፣ ነባሮቹን እስከ ማባረር ይደርሳል። እነዚህን እያሳደዱ የተወረረውን ለባለቤቱ የሚመልሱ ተከላካዮችም አሉ። እኔ በተጫወትሁበት ጊዜ መሥራቹ በሕይወት ያለ እንደ ሆነ ወራሪውን ባንድ ጊዜ ጠራርጎ ያስወጣው ነበር፤ ስለዚህ ወራሪ ሁልጊዜ የሚፈልገው መሥራች የሌለውን ቀጠና ነበር። መሥራች እንዴት ይጠፋል ብትሉ፣ ማንኛውም ተጫዋች 28 ቀን ሙሉ ሳይገባ የቀረ እንደ ሆነ አገሩ ይሰረዛል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

በዚህ ምክንያት ቀጠናዎች ወዳጅ ይፈልጋሉ። በስምምነት ኤምባሲ ይከፋፈታሉ፤ ያንዱ ሰዎች በሌላው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ውል ይዋዋላሉ። በግል የሚላላኩትን ደብዳቤ ጨዋታው «ቴሌግራም» ይለዋል፤ አያቶቻችን በፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቃል እየቆጠሩ የከፈሉበት ስም ተመልሶ እዚህ መጣ።

በ2012 ዓ.ም. እኔ በነቀምቴ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አራት ጓደኞች ሆነን አንድ ቀጠና አቋቋምን። ስሙን አልነግራችሁም፤ ያን ጊዜ ድንቅ መስሎን ያወጣነው ስም ዛሬ ያሳፍረኛል። መሥራቹ ከጊምቢ የመጣ፣ ከሁላችንም ይልቅ ቀልጣፋ የሆነ ልጅ ነበር። እኔ እንግሊዝኛዬ ትንሽ ይሻላል ተብሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኜ ተሾምሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት እየተሰበሰብን፣ በሰዓት እየከፈልን፣ መንግሥት እናስተዳድር ነበር። ከውጭም ጥቂት ሰዎች ገቡልን፤ ከእነርሱም አንዱ በአሜሪካ የሚማር ያገራችን ልጅ ስለ ነበረ እንደራሴያችን አደረግነው።

ሚኒስትርነት ኤምባሲ መሰብሰብ መሰለኝ። በሦስት ወር ውስጥ 22 ኤምባሲ ከፈትሁ። አንድ ደብዳቤ ጽፌ፣ የቀጠናውን ስም ብቻ እየለወጥሁ፣ ለሁሉ እበትነው ነበር። አንድ ቀን ስሙን መለወጥ ረስቼ አንዱን ቀጠና በደመኛው ስም ጠርቼ ሰላምታ አቀረብሁለት። መልስም አልመጣ፤ ኤምባሲያችንም በማግስቱ ተዘጋ። እኔ ግን «21 ቀረን» ብዬ ተጽናናሁ።

ከሁሉ የምኮራበት ከአንድ ትልቅ ቀጠና ጋር ያደረግሁት የመረዳዳት ውል ነበር። ውሉን በእንግሊዝኛ ያረቀቅሁት ራሴ ነኝ። ዋናው አንቀጽ «ከሁለቱ ወገን አንዱ ሲወረር ሌላው ይረዳዋል» ማለት ሲገባው፣ እኔ ትሕትና መስሎኝ «ሊረዳው ይችላል» ብዬ ጻፍሁት። እነርሱም አንድ ቃል ሳያነሡ ፈረሙ፤ ለምን ያነሣሉ? በዚያው መንፈቅ በታሪክ ፈተና ስለ ውጫሌ ውል ተጠይቄ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ እንደሚቻላቸው፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታቸው እንደ ሆነ ይናገር ነበርና፣ ከዚህ ልዩነት የተነሣ ዐድዋ ድረስ ተሄደ። ይህን በወረቀት ላይ አሳምሬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ከፈተናው ወጥቼ ግን የራሴን ውል አላነበብሁም።

ሌላም ወዳጅ ነበረኝ፤ እርሱን ግን ከሥራ አልቆጠርሁትም። በሰሜን አውሮፓ የሚኖር፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ የሚመስለኝ ሰው፣ አምስት ስድስት አገር ያላት ትንሽ ቀጠና ያስተዳድር ነበር። ውል አልጠየቀኝም። በየሁለት ሳምንቱ ግን ቴሌግራም ይጽፍልኛል፤ ስለ በረዶ ይነግረኛል፣ ስለ ቡና ይጠይቀኛል። እኔም እናቴ ቡናውን ስትቆላ ጢሱን እንዴት ለእንግዳ እንደምታሸትት ስጽፍለት፣ ሚኒስትርነቴን የዘነጋሁ እየመሰለኝ እቸኩል ነበር።

ለገና መሥራቻችን ወደ ቤተ ሰቡ ወደ ጊምቢ ሄደ። ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በእኛም በምሥራቅ ወለጋ ስልኩ በዋና ዋና ከተሞች ሲቀር ኢንተርኔቱ ጠፋ። እስከ መጋቢት 22 ቀን ድረስ፣ ሦስት ወር ያህል፣ እንዲሁ ቆየ። በዚያ ጊዜ ያልታወቀ ሞት የተረዱ፣ የልጃቸውን ድምፅ ያጡ እናቶች ነበሩና፣ የእኔን የጨዋታ ነገር ከዚያ ጋር አላስተካክለውም። ነገር ግን በ19 ዓመት ዕድሜ ሰው የሚያስበውን ያስባል። እኔ ቀን እቆጥር ነበር። 10፣ 15፣ 20። አጎቴ አዲስ አበባ ነበሩ፤ ስልክም ይገባላቸዋል። «አጎቴ፣ አገሬ እንዳይጠፋ በሳምንት አንድ ቀን ይግቡልኝ» ብዬ የይለፍ ቃሌን ልሰጣቸው ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጤና ጠይቄ ዘጋሁ። እርሳቸው ለእኔ መጽሐፍ መግዣ ብር የሚልኩ ሰው ናቸው፤ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? 28ኛውም ቀን አለፈ። መሥራቹ ትምህርት ሲጀመር ከጊምቢ ተመለሰ፤ ሁለታችን ተያይተን ሳንናገር ተግባባን።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ተማሪ ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ሳለ፣ መስመሩ ተለቀቀ። የተሰረዘ አገር ባለቤቱ ተመልሶ ሲገባ ይነሣል፤ የእኔ የተነሣው ግን በቀድሞ ቦታው ሳይሆን አልዓዛር በሚባል ቀጠና ውስጥ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ወንጌል የሚያውቅ ነው። እኔም ከሙታን ተነሥቼ፣ በልቤ ቀጠናችን ፈርሶ አገኘዋለሁ እያልሁ፣ የራሳችንን ገጽ ከፈትሁ። ሰንደቅ ዓላማችን እንደ ነበረ ነው። እንደራሴው ያው የአሜሪካው ልጅ ነው። ከ21 ኤምባሲ ግን የቀረው 4 ብቻ ነበር።

ሰሌዳውን ወደ ኋላ እያገላበጥሁ ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። የነቀምቴዎቹ አገሮች ሲሰረዙ መሥራቹም ጠፋ፣ ለእንደራሴው የሰጠነውም ድጋፍ አብሮ ጠፋ። ወራሪዎች በየካቲት ገብተው በአንድ ሌሊት ያዙት። የአሜሪካው ልጅ ወደ ትልቁ ቀጠና ሄዶ ውሉን አሳየ። የመለሱለት ቃል ትሕትና የተመላ ነበር፤ «ውሉ እንደሚለው ልንረዳችሁ እንችላለን፤ በአሁኑ ጊዜ ግን አልተመቸንም»። የራሴ ብዕር! የሰሜኑ ሰው ግን ሁለት ቴሌግራም ጽፎ መልስ ቢያጣ፣ «ይህ ልጅ ዝም የሚል አይደለም» ብሎ ስለ ወለጋ ዜና ፈለገ፤ የመስመሩንም መቋረጥ አነበበ። ከዚያም ተከላካዮችን በየሰሌዳው እየዞረ ለመነ። ገብተው ወራሪውን አስወጥተው ለልጁ መለሱለት። በሰሌዳችን ላይ የተወልን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ቡናውን ቆልታችሁ ስትጨርሱ ቤታችሁ እንደ ነበረ ታገኙታላችሁ» ይላል።

በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔቱ እንደገና፣ ያን ጊዜ ደግሞ በመላ አገሪቱ፣ ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። 28 አልሞላም። ደግሞም ያን ጊዜ ተምረን ነበር፤ አስቀድሞ ለታወቀ መቅረት ዕድሜን ወደ 60 ቀን የሚያራዝም «የዕረፍት ጊዜ» የሚባል ማዘዣ መኖሩን ደርሰንበታል። ከመጀመሪያ መመሪያውን ብናነብ ኖሮ... እንግዲህ መመሪያ የሚያነብ ማን ነው?

ይህ ሁሉ ፈረንጅ ያመጣው አዲስ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ነቀምቴ ስትሄዱ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ግቡና እዩ። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ከዚያ ግቢ የተገኙትን የአማርኛ ደብዳቤዎች አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታኣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ለሌላ ጉዳይ ከመደርደሪያ ላይ አንሥቼው፣ ሌላውን ጉዳይ ረስቼ አመሸሁ።

የኩምሳ አባት ሞሮዳ በከሬ የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ነበሩ። በሰሜን ዓባይን ተሻግሮ የጎጃሙ ራስ አዳል፣ ኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ግብር ይጠይቃቸዋል፤ በምሥራቅ የሸዋው ምኒልክ ጦር በራስ ጎበና ዳጬ እየተመራ ይቀርባል። በምዕራብ የሌቃ ቄለሙ ጆቴ ቱሉ አሉ፤ ከእርሳቸውም ባሻገር የሱዳን ማህዲስቶች። ትንሽ መንግሥት በአራት ማዕዘን ተከብቦ ማለት ይህ ነው። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጎጃምና ሸዋ ተዋግተው ሸዋ አሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። ሞሮዳ ያን ጊዜ ቀድሞ የገበሩለትን ጎጃምን ይዘው ግትር አላሉም። በጎበና በኩል ለምኒልክ ገብተው፣ የደጃዝማችነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ ወርቅና የዝሆን ጥርስ እየገበሩም የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቀሩ። በጥቅምት 1881 ዓ.ም. ማህዲስቶች በጉቴ ዲሊ ሲመቱ የትኛው ወገን እንደሚበረታ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ልጃቸው ኩምሳም፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ይህንኑ ሥርዓት ብዙ ዓመት ጠበቁት።

ይህ ጥበብ ነው ወይስ መሸነፍ? በክፍል ውስጥ ሳነሣው ተማሪዎቼ በሁለት ይከፈላሉ፤ እኔም እንደ ቀኑ ሁኔታ እወላውላለሁ። ግብሩን የከፈለው ገበሬው እንደ ሆነ መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ደብዳቤዎቹን ስታነቡ አንድ ነገር ታያላችሁ፤ መልእክቱ ትንሽም ቢሆን ይጻፋል፣ ይላካል፣ የመጣውም ይቀመጣል። የተቀመጠ ስለ ሆነም እነሆ እኛ እናነበዋለን። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የኩምሳ ልጅ ደጃዝማች ሀብተ ማርያምና ሌሎች የወለጋ ባላባቶች ምዕራቡ በመንግሥታት ማኅበር ሥር ሆኖ በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲጠበቅ ጎሬ ለነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ጻፉ። እንግሊዝ አልተቀበለችም፤ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ነቀምቴ ገባ። ቀድሞ ያልተለማመዱትን ወዳጅ በጭንቅ ቀን መጥራት እንዲህ ነው።

ወደ ዲጋው በረንዳ ልመልሳችሁ። የልጆቹ ነገር እንዲህ ነው። ዘጠኝ አገር ያለበት ቀጠና አላቸው። ከአንድ ትልቅ ቀጠናና ከአንድ ትንሽ ቀጠና ጋር ኤምባሲ ከፍተዋል። የትልቁ ሰው «ከትንሹ ጋር ያላችሁን ካልዘጋችሁ የእኛን እንዘጋለን» ብሎ ጽፎላቸዋል፤ የሰጣቸውም ጊዜ እስከ ዓርብ ነው። ከወንዶቹ አንደኛው «ትልቁን እንያዝ» ይላል። ሁለተኛው «ሁለቱንም እንተዋቸው፤ የማትሪክ ፈተና ደርሷል» ይላል፤ እርሱን በልቤ አመሰገንሁት። የውጭ ጉዳዩን የያዘችው ልጅ ዝም ብላለች።

«እስካሁን የተጻጻፋችሁትን አምጡ» አልኋቸው። የለም። አንዱ በአንዱ ሞባይል፣ ሌላው በሌላው ሞባይል ተበትኗል፤ ከፊሉም ተሰርዟል። እናንተ በየመዝገብ ቤቱ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ገቢና ወጪ የሌለው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ስጽፍ «ይህ የጸሐፊ ሥራ ነው» ብሎ የወቀሰኝ አንባቢ ነበር። አይደለም ወዳጄ፤ ቀን፣ ቁጥርና ግልባጭ የሌለው ወዳጅነት በመጀመሪያው ጠብ ይጠፋል። ባለ 50 ቅጠል ደብተር አስወጥቼ ያለውን ሁሉ በቀን በቀኑ አስገለበጥኋቸው። እየጻፉም ሳሉ ከእኔ በፊት እነርሱ አንድ ነገር አዩ፤ ያን ማስፈራሪያ የጻፈው ሰው ቀድሞ ውሉን ከፈረመው ሰው የተለየ ነው። ማን ነው? በቀጠናው ውስጥ ሹመት አለው? ቢፈልጉ በሹማምንቱ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም።

በእውነተኛው ዲፕሎማሲ አንድ አምባሳደር ሥራ የሚጀምረው የሹመት ደብዳቤውን ለአገሩ ርእሰ ብሔር አቅርቦ ነው። በ1953 ዓ.ም. በቪየና የተፈረመው የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት ይህን ሁሉ በአንቀጽ አስቀምጦታል፤ ማን በማን ስም ይናገራል፣ መልእክተኛ እንዴት ይከበራል፣ ያልተፈለገ ሰው እንዴት ይሸኛል። በጨዋታው ዓለም እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቀጠና ለራሱ ማውጣት አለበት። እኔ ለልጆቹ የነገርኋቸው፣ በስማችን የሚጽፍ አንድ ሰው ይሁን፣ ስሙም በገጻችን ላይ ይውጣ፤ የእነርሱንም ሰው ስሙን አውጡ እንበላቸው አልሁ። እርሷ ብትታመም፣ መብራት ቢጠፋ፣ መስመር ቢቋረጥ የሚተካትም ይኑር፤ ተተኪውም እዚያው ዲጋ የተቀመጠ አይሁን። ይህን ከየት እንደ ተማርሁት አሁን ታውቃላችሁ።

ውል በማብዛት የሚድን የሚመስላችሁም ትኖራላችሁ። ሳይበር ኔሽንስ የሚባል ሌላ ጨዋታ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ እዚያ ጦርነት ስላለ ማኅበራቱ ውሉን በደረጃ አበጁት። አንዱ «አንነካካም» ብቻ ይላል፣ ሌላው «ቢነኩህ እረዳሃለሁ፣ ደስ ካለኝ»፣ ሌላው «ቢነኩህ የግድ እረዳሃለሁ»፣ የመጨረሻው «ብትነካም እንኳ አብሬህ እነካለሁ» ይላል። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሲተሳሰር ውሉ እንደ ሸረሪት ድር ሆነና፣ የሁለት ሰው ስድብ መላውን የጨዋታ ዓለም ጦርነት ውስጥ ይከተው ጀመር። በ1906 ዓ.ም. ክረምት ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ስትነሣ ሩሲያ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ በየውላቸው እየተሳቡ እንደ ገቡበት ማለት ነው። ስለዚህ ለትንሽ ቀጠና ሦስት የሚጻጻፉት ወዳጅ፣ ቢበዛ አራት፣ ይበቃል ባይ ነኝ። 22ቱን አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠንቅቄያቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ድምፄ ሳይከብድ አልቀረም። በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ ሰው በውሸት ስም ስለሚጽፍ የሆዱን ሁሉ ይዘረግፋል፤ የጨዋታው ጠብ ወደ ዘርና ወደ ሃይማኖት ስድብ ሲዞር አንድ ሌሊት አይፈጅም። ወለጋ በነዚህ ዓመታት ያየውን ያየ ነው፤ እናንተ በጨዋታ አገር ስም የሌላውን ሰው እውነተኛ አገር ከሰደባችሁ ጨዋታው አበቃ። ከየት እንደ ሆናችሁ፣ ማን እንደምትባሉ፣ የት እንደምትማሩ ለማታውቁት ሰው አትጻፉ። «ባርሲሳስ ስለ እናቱ ቡና ጽፎ የለም?» ብላ ልጅቱ ያዘችኝ። እውነቷን ነው። ቡና መቁላት ስምና አድራሻ አይደለም ብዬ አመለጥሁ።

ሁለት ደብዳቤ ተረቀቀ። ለትልቁ ቀጠና የሚላከው አጭር ነው፤ ማስፈራሪያው የመጣው ከማን ሥልጣን እንደ ሆነ፣ እኛስ የትኛውን የስምምነት አንቀጽ እንደ ጣስን በክብር ይገለጽልን፤ መልሱ በደረሰን በሰባት ቀን ውስጥ እንመልሳለን ይላል። «ዓርብ» የሚለውን ቃል ሆን ብለን አላነሣነውም። ሌላ ሰው የሰጠህን ቀን ራስህ ከጻፍኸው ተቀበልኸው ማለት ነውና።

በሁለተኛው ላይ አልተስማማንም። ልጅቱ ለትንሹ ቀጠና ነገሩን ሁሉ ልንገራቸው አለች፤ «እናንተን እንድንተው ተጠይቀናል፤ ገና አልመለስንም» ብላ። እኔ ከለከልሁ። ያልተወሰነ ነገር ለምን ያውካቸዋል? ደግሞ ቃሉ ወጥቶ ትልቁ ጆሮ ቢደርስ ለመታረቅ በር ይዘጋል። በትምህርት ቤት የተማርሁት እንዲህ ነው፤ የውጭ ጉዳይ ሰው ሳይጠየቅ አይናገርም። እርሷ ግን፣ «ባርሲሳ፣ የሰሜኑ ሰውዬ እኮ ዝም አላለም» አለችኝ። ይህን ታሪክ የነገርኋት እኔው ነኝ፤ ምን ልመልስ?

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሞባይሏ የሚያሳየው የመስመር ምልክት አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ አራታችንም ከበረንዳው ወርደን ጭቃውን እየዘለልን እስከ በሩ ድረስ ሄድን፤ እዚያ ትንሽ ይሻላል። መጀመሪያ የትልቁን ላከች። ከዚያ የትንሹን ከፍታ እንደገና አነበበችው፤ «ገና አልመለስንም» ከሚለው በኋላ «እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ዘንድ ዝናብ ነው» የሚል ጨመረች፤ ላከችውም። ክቡ ምልክት ብዙ ዞረ። ዘበኛው በሩን ሊዘጉ ቁልፉን ይዘው ከኋላችን ቆመው ነበርና፣ «ልጆች፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉን።